«ቀብዐኒ»፤ ስለ አንዲት ቃል የተደረገ የሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ክርክር

ከተማችን ደብረ ማርቆስ ስሙን ያገኘው ከወንጌላዊው ከቅዱስ ማርቆስ ነው። ቀድሞ መንቆረር ይባል እንደ ነበረ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ የከተማው ስም በደብሩ ስም እንደ ተለወጠ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንሰማው ያደግነው ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ማርቆስ የጻፈው ወንጌል ከሌሎቹ በምን እንደሚለይ የጠየቀ ከመካከላችን ብዙ አይደለም። ማርቆስ ስለ ቤተ ልሔም፥ ስለ ሰብአ ሰገልም ሆነ ስለ እረኞች አንዳች አይናገርም። የትውልድ ሐረግም አይቈጥርም። የኢየሱስን ታሪክ የሚጀምረው ከዮርዳኖስ ወንዝ ነው። አንድ የጎለመሰ ሰው ከናዝሬት ተነሥቶ መጥቶ ይጠመቃል፥ መንፈስ ቅዱስም በርግብ አምሳል ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ይከተላል።

እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ በኢየሱስ ላይ መውረዱ ምን ማለት ነው? ያልነበረውን ነገር ሊሰጠው ነውን? ወይስ አስቀድሞ የነበረውን ለሰው ሊገልጥ? «ክርስቶስ» ማለት የተቀባ ማለት ከሆነስ የቀባው ማን ነው? የተቀባውስ በምን፥ መቼም? እነዚህ ጥያቄዎች ለሰሚው ቀላል ይመስላሉ። በአገራችን ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሊቃውንትን አከራክረዋል፥ ወንድምን ከወንድም ለይተዋል፥ ደምም አፍስሰዋል። ከክርክሩም ወገኖች አንዱ ዋና መሠረቱ እዚሁ በጎጃም ነበረ።

በትምህርት ቤታችን የደብረ ወርቅ፥ የብቸና፥ የሞጣ፥ የደጀንና የደብረ ኤልያስ ልጆች አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። በዕረፍት ሰዓት «ቅባት» እና «ካራ» የሚሉ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ለቀልድ፥ አንዳንድ ጊዜም ለስድብ ሲወረወሩ እንሰማለን። የሚወረውረውም የሚወረወርበትም ብዙውን ጊዜ የቃሉን ትርጉም አያውቀውም። ትምህርት ቤታችን የምሥረታውን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ይህን ርእስ የመረጥነው ስለዚህ ነው። ከሦስቱ ትምህርቶች የትኛው ትክክል እንደ ሆነ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ታሪኩን ማወቅ ግን የእኛ ሥራ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሌላው ዓለም ጥቂት እንበል። በአውሮፓም ስለ ኢየሱስ ማንነት ብርቱ ክርክር ተደርጓል፤ ጥያቄው ግን ሌላ ነበረ። ራይማሩስ የተባለው የሐምቡርግ መምህር በሕይወቱ ሳለ ሊያወጣው ያልደፈረው ጽሑፍ ከሞተ በኋላ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1774 እስከ 1778 ድረስ በሌሲንግ እጅ ታተመ። ሽትራውስ በ1835፥ ሽቫይትዘርም በ1906 ተከተሉ። እነዚህ ሰዎች የጠየቁት «በወንጌል የተጻፈው ነገር በእውነት ተደርጓልን? ከጽሑፉ በስተጀርባ ያለው ሰው እንዴት ያለ ነበረ?» የሚል ነው። ሽቫይትዘር የቀደሙትን ጸሐፊዎች ሁሉ መርምሮ፥ እያንዳንዱ ደራሲ የኢየሱስን መልክ ሥላለሁ ብሎ የራሱን መልክ እንደ ሣለ አሳየ። በዛሬ ጊዜ የታሪክ መርማሪዎች በብዙ ነገር ቢለያዩም በሁለት ነገር አብዛኞቹ ይስማማሉ፤ ይኸውም ኢየሱስ በዮሐንስ እጅ እንደ ተጠመቀና በጲላጦስ ዘመን እንደ ተሰቀለ ነው። ጲላጦስ በይሁዳ የገዛው በፈረንጆች አቈጣጠር ከ26 እስከ 36 ነው፤ ክርስቶስ በእርሱ ትእዛዝ መገደሉን ክርስቲያን ያልነበረው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታኪቱስም መስክሯል። (የእኛ ስንክሳር ይህንኑ ጲላጦስን ሰኔ 25 ቀን ከቅዱሳን ጋር ያስበዋል፤ ይህን ለውጭ አገር ሰው ብንነግረው ቶሎ አያምነንም።)

እንግዲህ የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙውን ነገር ከተጠራጠሩ በኋላ ያልጣሉት የዮርዳኖስ ጥምቀት፥ የአገራችን ሊቃውንት አንዳች ሳይጠራጠሩ ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው። የእኛዎቹ «ተደርጓልን?» አላሉም። «የተጻፈው ቃል ምን ማለት ነው?» አሉ እንጂ።

ይህን ለመረዳት ወንጌል በአገራችን እንዴት እንደሚተረጐም ማወቅ ያስፈልጋል። አራቱ ወንጌላት ከጽርእ ወደ ግእዝ የተመለሱት በአክሱም ዘመን ነው። በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በሳይንስ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። ሕዝቡ ግእዝ መናገር ከተወ በኋላ መጽሐፉ በግእዝ ሲነበብ ትርጓሜው በአማርኛ በቃል ይነገር ጀመር። ተማሪው ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤትና ቅኔ ቤት አልፎ መጽሐፍ ቤት ይገባል። ለቅኔው ወደ ጎጃም፥ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅና ወደ ዲማ ይመጣል፤ ለመጽሐፉ ደግሞ በብዛት ወደ ጎንደር ይሻገራል። የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው የዲማን ቅኔ ቤት ከበዛብህ ጋር ያውቀዋል።

በመጽሐፍ ቤት አንዱ ተማሪ የግእዙን ንባብ ያነባል፥ መምህሩም በመጀመሪያ ነጠላውን ትርጉም ይናገራል። ከዚያ በኋላ «አንድም» ይላል፥ ሌላ ትርጓሜም ይጨምራል። እንደገናም «አንድም» ይላል። ለምሳሌ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ስለ ምን እንደ ወረደ ቢጠየቅ፥ ርግብ በኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ መጕደሉን ስላበሠረች ነው ሊል ይችላል፤ አንድም ርግብ የዋህ ናትና ነው ይላል። ማስረጃ ሲጠቅስ «እንዲል» ብሎ ከሌላ መጽሐፍ ያመጣል። የሌላ መምህር አስተያየትም ቢኖር ያነሣዋል እንጂ አይደብቀውም። ከአራቱ ወንጌላት 89 ምዕራፎች አንዱም እንኳ ያለዚህ አይታለፍም፤ ተማሪውም ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ይወጣል። ይህ ትምህርት «አንድምታ» የተባለውም ከዚህች ቃል የተነሣ ነው።

አንድምታ በአገራችን ሊቃውንት ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስለን፤ ከውጭ የመጣለት ምንጭም አለው። ሮጀር ካውሊ የተባለ እንግሊዛዊ መርማሪ እንዳሳየው የወንጌሉ አንድምታ ብዙ ነገር የወሰደው ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ከተመለሰ ትርጓሜ ነው። የዚያም ትርጓሜ መሠረት በፈረንጆች 1043 የሞተው የባግዳዱ ኢብን አልጣይብ ነበረ። ይህ ሰው ሐኪምና ፈላስፋ የነበረ የንስጥሮሳውያን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነው። ንስጥሮስን አጥብቀው የሚያወግዙ መምህራኖቻችን የንስጥሮሳዊን ትርጓሜ ሳያውቁት ለትውልድ አስተላለፉ ማለት ነው። ለእኛ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጥሩ ትርጓሜ ከየትም ቢመጣ በ«አንድም» ውስጥ ቦታ እንደ ነበረው ያሳያል።

ደግሞ መምህራኑ የታሪክን ጥያቄ የሚፈሩ አልነበሩም። ማቴዎስ የዮሴፍን አባት ያዕቆብ ሲል ሉቃስ ኤሊ ይለዋል፤ ማቴዎስ ከዳዊት በሰሎሞን በኩል ሲወርድ ሉቃስ በናታን በኩል ይወርዳል። ይህ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ዩልዮስ አፍሪካኖስ፥ የሟችን ወንድም ሚስት ማግባት በኦሪት ሕግ ስለ ታዘዘ አንዱ በሥጋ ሌላው በሕግ አባት ነው ብሎ መልሷል። መልሱ ያረካል አያረካም ማለት ሌላ ነገር ሆኖ፥ ልዩነቱን አይቶ እንዳላየ ማለፍ ግን አልነበረም።

ስለ ዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን «የእኛ አቈጣጠር ትክክለኛው የክርስቶስ ልደት ነው፥ ፈረንጆች ግን ተሳስተዋል» ስንል እንገኛለን። የእኛ ቍጥር በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእስክንድርያው አንያኖስ ካደረገው ስሌት የወጣ ነው፤ የፈረንጆቹ ደግሞ በ525 ዲዮናስዮስ ከሠራው የመጣ ነው። ሄሮድስ የሞተው በፈረንጆች አቈጣጠር ከልደት በፊት በ4 ዓመት ነው፤ የእኛ 1 ዓመተ ምሕረት ግን በፈረንጆቹ 8 ላይ ይጀምራል። እንግዲህ ማቴዎስ እንደሚለው ጌታ የተወለደው በሄሮድስ ዘመን ከሆነ የእነርሱም ስሌት የእኛም ስሌት ከልክ አልፏል፤ የእኛ ደግሞ የባሰ አልፏል። ይህን ስንጽፍ ቅር የሚለው አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ይሁን እንጂ ወንጌላውያኑ ራሳቸው የልደቱን ዓመት በቍጥር አልጻፉም፤ ቍጥሩን ያወጡት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ የኢየሱሳውያን መነኮሳት በአገራችን ያስተምሩ ነበር። ከእነርሱ በጣም የታወቀው ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. በሰከላ የግሽ ዐባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ነው። የጎጃም ገዥ የነበረው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ትምህርታቸውን ከተቀበሉት መኳንንት የመጀመሪያውና የበረታው ነበረ። ንጉሡም በ1614 ዓ.ም. ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጡ። ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ መነኮሳቱም ከአገር ወጡ።

ያነሡት ጥያቄ ግን ከእነርሱ ጋር አልወጣም። ለካቶሊኮቹ ሁለት ባሕርይ የሚል መልስ ነበራቸው፤ የእኛዎቹ ግን ቃልና ሥጋ ተዋሕደው አንድ ሆኑ የሚሉ ናቸው። እንግዲህ አንድ ከሆኑ መቀባት ስለ ምን አስፈለገ? በሉቃስ ምዕራፍ 4 ጌታ በናዝሬት ምኵራብ የኢሳይያስን መጽሐፍ ገልጦ ያነበበው «ቀብዐኒ» የሚል ቃል አለበት፤ «ቀባኝ» ማለት ነው። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 10 ደግሞ ጴጥሮስ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ግእዝ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው በ«ቀብዐኒ» መጨረሻ ያለችው «ኒ» «እኔን» ማለት ናት። ክርክሩ ሁሉ በዚች በአንዲት ፊደል ላይ የተንጠለጠለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «እኔን» ያለው ማን ነው? ቃል ነውን? ሥጋ ነውን? ወይስ የተዋሐደው አንዱ?

ለዚህ ሦስት መልስ ወጣ። ተዋሕዶዎች እንዲህ አሉ፤ ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው፥ መዋሐዱም ራሱ መቀባቱ ነው። ስለዚህ «ወልድ ቅብ» አሉ፤ ልደቱም ሁለት ነው፥ አስቀድሞ ከአብ፥ ኋላም ከድንግል። ሦስተኛ ልደት የሚለውን ቈርጠው ስለ ጣሉ ባላንጣዎቻቸው «ካራ» የሚል ስም አወጡላቸው። ቅባቶች ደግሞ አብ ቀቢ፥ ወልድ ተቀቢ፥ መንፈስ ቅዱስም ቅብ ነው አሉ። ሥጋ በተፀነሰ ጊዜ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ከበረ፥ በዚሁም የባሕርይ ልጅ ሆነ። ልደቱ ለእነርሱም ሁለት ነው። ሦስተኞቹ የጸጋ ልጅ ወይም ሦስት ልደት የተባሉት ናቸው፤ ከአብና ከድንግል ልደት በተጨማሪ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት አለ የሚሉ። እነዚህ በኋላ ዘመን በሸዋና በደብረ ሊባኖስ በረቱ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ላይ ልብ በልልን። ከሦስቱ ወገኖች አንዱም የኬልቄዶንን ጉባኤ አልተቀበለም፥ ሦስቱም የቅዱስ ቄርሎስ ልጆች ነን ይሉ ነበር። ሦስቱም ያነበቡት አንድ ወንጌል፥ አንድ ግእዝ ነው። የተለያዩት በቃሉ አፈታት ነው።

ነገሩ ግን የትርጓሜ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ቅባት በጎጃም የተስፋፋው በደብረ ወርቅና በአካባቢው በነበሩት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ወገን መነኮሳት ነው፤ በወዲያኛው በኩል የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወገን ነበረ። ሁለቱ ማኅበሮች ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚፎካከሩ ናቸው። እጨጌነቱ የተክለ ሃይማኖት ወገን ነበረ፤ ንጉሥም ወደ አንዱ ሲያዘነብል ሌላው ርስቱና ሹመቱ ያሰጋዋል። በእኛ አስተያየት ትምህርቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጎጃምና ጎንደር በ«አንድም» ተቻችለው ይኖሩ ነበር። ከዚያው ከጎንደር የተገኘ ምሳሌም አለን። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ የቀድሞውን ትርጓሜ ቢያርሙ መጽሐፍ ቤቱ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። መምህራኑ ተነቃቅፈዋል፥ ተማሪዎቹም ተፎካክረዋል። ኋላ ታች ቤት እየበረታ ላይ ቤት እየሳሳ ሄደ እንጂ አንዱ ሌላውን በሠራዊት አላሳደደም።

«ጉባኤ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ነገር ይባልበታል። መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ የሚያስተምርበት ጉባኤ ይባላል፤ ንጉሥ ጳጳሱንና ሊቃውንቱን ሰብስቦ ሃይማኖት የሚያስቈርጥበትም ጉባኤ ይባላል። በመጀመሪያው ጉባኤ «አንድም» ይባላል። በሁለተኛው ግን ሁለት ትርጓሜ አይፈቀድም፤ አንዱ ይረታል፥ ሌላው ይወገዛል፥ ዐዋጅም ይነገራል። ያው ሊቅ ጠዋት በመጀመሪያው ተቀምጦ አምስት ትርጓሜ ሲያወርድ ውሎ፥ በማግሥቱ በሁለተኛው ስለ አንድ ትርጓሜ ነፍሱን ለመስጠት ይቆም ነበር።

ከነገሥታቱ ጉባኤ ሁሉ ክፉው በ1713 ዓ.ም. በዐፄ ዳዊት ዘመን የሆነው ነው። ንጉሡ ለቅባቶች ፈረዱ። የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ፍርዱን አንቀበልም ባሉ ጊዜ ክርስቲያን ያልነበሩ ወታደሮች ታዘዙባቸውና ብዙዎች ታረዱ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህን ታሪክ በመጽሐፉ ጽፎታል። እኛ የጎጃም ልጆች በቅባቶች ላይ የደረሰውን ስደት ስንናገር ይህን መዝለል አይገባንም፤ በዚያን ጊዜ ሰይፉ በቅባቶች ወገን ነበረና።

በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አቡነ ሰላማ የተዋሕዶ ደጋፊ ነበሩ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ከእርሳቸው ጋር ተስማምተው በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ በተደረገው ጉባኤ ተዋሕዶ ብቻ እንዲጸና ታወጀ። ይህም ክርክሩን አልጨረሰውም። በመጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ በግንቦት 1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቁን ጉባኤ ሰበሰቡ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኝተው ነበር። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ተነበበ፥ ተዋሕዶም ረታ። እምቢ ካሉት የሦስት ልደት ሊቃውንት አንዳንዶቹ ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ተጽፏል። በዚያው ጉባኤ የወሎ እስላም መኳንንት እንዲጠመቁ ተደረገ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ።

ዐፄ ዮሐንስን ብዙ ሰው ያመሰግናቸዋል፥ አገሪቱ ከውጭ ጠላት ጋር ልትገጥም ሳለች አንድነት ያስፈልጋት ነበርና። ይህ ሐሳብ ትልቅ ሚዛን እንዳለው አንክድም። ነገር ግን ምላስን መቍረጥ የትርጓሜ መልስ አይደለም። «ኒ» ማን እንደ ሆነች በዚያ ቀን የተረዳ ሰው አልተገኘም፤ ዝም ያለ ሰው ተገኘ እንጂ።

በጎጃምም የሆነው ይኸው ነው። ራስ አዳል በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። ከእስክንድርያ ከመጡት አራት ጳጳሳት አቡነ ሉቃስ ለጎጃም ደረሱ። የአራቱ ስም ጴጥሮስ፥ ማቴዎስ፥ ማርቆስና ሉቃስ ነበር፤ ሦስቱ የወንጌላውያን ስም መሆኑ ነው። በዐዋጅና በሹመት ተዋሕዶ የአገሩ ሃይማኖት ሆነ። ቅባት ግን ከደብረ ወርቅና ከምሥራቁ ጎጃም አድባራት ፈጽሞ አልጠፋም። በአደባባይ መከራከሩን ተወ፥ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ተላለፈ፤ ዛሬም «እገሌ ቅባት ነው» የሚባልበት ሰበካ አለ። የአንድ አገር ሰዎች አብረው ያርሳሉ፥ በደቦ ያጭዳሉ፥ አብረው ያለቅሳሉ፤ ልጅ ለማጋባት ሲሆን ግን በአንዳንድ ቦታ የሃይማኖቱ ነገር በዝግታ ይጠየቃል። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ይህን ጥያቄ በቤታቸው ሰምተዋል።

ወንጌሉስ? በ1824 በፈረንጆች አቈጣጠር አራቱ ወንጌላት በአማርኛ በለንደን ታተሙ። ትርጕሙን የሠራው አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ ነው። አንድምታው ራሱ ደግሞ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ፤ በዚህም በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ትርጓሜ በእጅ የሚያዝ መጽሐፍ ሆነ። ዛሬ ማንኛውም ተማሪ ሉቃስ ምዕራፍ 4ን ገልጦ ግእዙን ከላይ፥ አማርኛውን ከታች ማንበብ ይችላል። የታተመው ግን የረታው ወገን ትርጓሜ ነው። የጎጃም ቅባቶች በመጽሐፍ ቤታቸው ያችኑ ምዕራፍ ሲተረጕሙ ከ«አንድም» በኋላ ምን ይሉ እንደ ነበር አብዛኛው ያለው በሽማግሌዎች አፍና በየሣጥኑ በተቀመጠ ብራና ነው።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ወላጆቻችን አንድ ልመና አለን። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን፥ ከቦሩ ሜዳ በኋላ በሰበካችሁ ምን እንደ ተባለና መምህራኑ ምን እንዳደረጉ የምታስታውሱትን፥ ወይም በቤታችሁ ያለ ጽሕፈት ቢኖር ተገልብጦ እንዲቀመጥ ለትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ብትልኩልን እንቀበላለን። የላኪውን ስም ካልፈቀደ አንጽፍም። የየትኛው ወገን ቢሆን አንመርጥም። ጽሕፈቱ ግእዝ ቢሆንም አይቸግርም፤ ከመካከላችን ሁለቱ ወደ እዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣታቸው በፊት በዲማ ቅኔ የተቀኙ ናቸውና ያነቡታል።